ስለ አይኤንጂ ለጠየቅሽው እህት

ሰላም እህቴ። አይኤልትስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና ልትፈተኚ ስለሆነ፣ አራት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት ያገኘሽውን «አይኤንጂ የማይወስዱ ግሦች» (መጨረሻቸው ላይ ing የማይጨመርባቸው ማለት ነው) የሚል ወረቀት ልሸምድደው ወይ ብለሻል። ተይው። ወረቀቱ ስህተት ሆኖ አይደለም። ፈታኙ ፊት ስትቀርቢ ግን ወረቀቱ ትዝ አይልሽም፣ አፍሽ ላይ የሚመጣው አማርኛው ነው።

«ፈለገ»ን እዪው። ለምኞትም ለፍለጋም አንድ ቃል ነው ያለን። ስለዚህ ካዛንቺስ ቤት የሚፈልግ ሰው «እየፈለግኩ ነው» ብሎ ያስብና «አይ አም ዋንቲንግ ኤ ሃውስ» ይላል። ምኞት ከሆነ «አይ ዋንት» ነው፣ ከደላላ ጋር እየዞርሽ ከሆነ «አይ አም ሉኪንግ ፎር»። ስልክ ላይም «እየሰማሁህ ነው» ስለምንል «አይ አም ሂሪንግ ዩ» ያመልጠናል። ድምፁ ከደረሰሽ «አይ ካን ሂር ዩ»፣ ልብ ብለሽ እያዳመጥሽ ከሆነ «አይ አም ሊስኒንግ» በዪ።

«ሃቭ» ላይ ግን በደንብ ተጠንቀቂ። «አይ አም ሃቪንግ ቱ ችልድረን» ያለች የሁለት ልጆች እናት መንታ ያረገዘች ነው የምትመስለው። ንብረትና ዝምድና ሲሆን «አይ ሃቭ» ብቻ። «አይ አም ሃቪንግ ላንች» ግን ልክ ነው፣ እዚያ ላይ ሥራው መብላት ነዋ። «ሲ»ም (ማየት) ጠባይዋ እንደዚሁ ነው፦ ለነገ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ካለሽ «አይ አም ሲዪንግ ዘ ዶክተር ቱሞሮው» ይባላል፣ ስለ አንድ ልጅ «አይ አም ሲዪንግ ሂም» ካልሽ ግን ፍቅረኛዬ ነው ማለትሽ ነውና ወሬው ዋሽንግተን ድረስ ይደርሳል።

ተቃራኒውም አለ። እኛ እንዳለቀ ነገር የምንናገረውን እንግሊዝኛው በአይኤንጂ ይለዋል። ልጁ ተኝቷል፦ «ሂ ኢዝ ስሊፒንግ» እንጂ «ሂ ሃዝ ስሌፕት» አይደለም። ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመሽ ተለማመጂው። ማን ቀይ ሹራብ ለብሷል፣ ማን አጥሩን ተደግፏል፣ ማን ዘንቢል ይዟል። ዌሪንግ፣ ሊኒንግ፣ ሆልዲንግ።

የት ትኖሪያለሽ ካሉሽ «አይ ሊቭ ኢን ፒያሳ» የቋሚ ነዋሪ መልስ ነው፣ «አይ አም ሊቪንግ» ለጊዜው ነው። በ2016 ዓ.ም. ቤቱ ፈርሶበት ዘመድ ጋ የተጠጋ የፒያሳ ልጅ ሁለተኛውን ቢል ማንም አያርመው። የቆየሽበትን ዘመን ስትጨምሪ ግን «አይ ሃቭ ቢን ሊቪንግ ሂር ፎር ቴን ይርስ» ነው። «አይ አም ሊቪንግ ሂር ፎር ቴን ይርስ» ካናዳ የከረሙትንም አልለቀቀም፣ እዚህ ያላችሁ አትቀየሙኝ።

«ማክዶናልድ አይ አም ላቪን ኢት ይል የለ?» ላለው ወንድም፦ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የሚሉት የማስታወቂያ መፈክር ነው። ለጨዋታ ይባላል፣ ፈተና ላይ ድርሰት ስትጽፊ ግን «አይ ላቭ» ይበቃል።

የንግግሩ ፈተና ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ነው፣ ሰዋስው ከአራቱ መመዘኛዎች አንዱ ነው። አንድ «ዋንቲንግ» አይጥልሽም፣ ሲደጋገም ነው የሚያስቀንሰው። ስለ ሰፈርሽ ሁለት ደቂቃ አውሪና በስልክሽ ቅጂው፣ ከዚያ «እየ» ብለሽ ያሰብሽበትን ቦታ ብቻ መልሰሽ ስሚ።