ቄቦቹ ቆጥ ላይ መውጣት ተከልክለው እንቁላል መጣያ ሳጥን ውስጥ ያድራሉ

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። በጓሮዬ ከነበሩት 5 ዶሮዎች ጋር ከ2 ሳምንት በፊት 4 ቄቦችን ቀላቅያለሁ። ቀን ላይ ነገሩ እምብዛም አያሳስብም፤ ሲመሻሽ ግን አንዲት ቀይ ዶሮ ቀድማ ቆጡ ላይ ትወጣና መሃሉን ይዛ፣ ሊወጡ የሚሞክሩትን ቄቦች አናታቸውን እየነቆረች ታወርዳቸዋለች። እነርሱም ተስፋ ቆርጠው እንቁላል መጣያው ሳጥን ውስጥ ተጠጋግተው ስለሚያድሩ፣ ጠዋት ሳጥኑን በኩስ ተበላሽቶ አገኘዋለሁ። የአንዷ ቄብ ላባ ከጭራዋ በላይ ተነቅሎ ቆዳዋ ደምቷል። ቆጡ ርዝመቱ 120 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ እንጨት ነው። ቀይዋን ዶሮ ማስወገድ ይኖርብኝ ይሆን?

መልስ 1፦
እባክዎ አያስወግዷት። እርሷ ብትሄድ ቦታዋን ሌላዋ ትይዛለች እንጂ ንቁሪያው አይቀርም። ኖርዌያዊው ተመራማሪ ቶርላይፍ ሼልደሩፕ ኤበ ከ100 ዓመት በፊት ዶሮዎችን ተከታትሎ እንዳስረዳው፣ በአንድ መንጋ ውስጥ እያንዳንዷ ዶሮ ማንን እንደምትነቁርና ለማን ቦታ እንደምትለቅ ለይታ ታውቃለች። ተዋረዱ አንዴ ከጸና ጠቡ ይቀንሳል፤ አዲስ ዶሮ በገባ ቁጥር ግን እንደገና መደልደል አለበት፤ የእርስዎም መንጋ አሁን ያለው እዚያ ላይ ነው።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን የቆጡ ርዝመት ነው። ለአንድ ዶሮ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ስለሚያስፈልግ፣ ለ9 ዶሮ ቢያንስ 180 ሳንቲ ሜትር ይፈለጋል፤ ስለዚህ ቀይዋ ባትከለክላቸውም ቄቦቹ ሁሉ የሚቀመጡበት በቂ ቦታ የለም። ሁለተኛ እንጨት ሲጨምሩ ከመጀመሪያው ጋር እኩል ከፍታ ላይ ያድርጉት፤ አንዱ ከፍ ካለ ሁሉም ለእርሱ ይሻማሉ። ሁለቱም ከእንቁላል መጣያው ከፍ ማለት አለባቸው፤ ዶሮ ማደሪያዋን የምትመርጠው ከፍታን አይታ ነውና። ሳጥኑን አመሻሹ ላይ ይዝጉትና ንጋት ላይ ይክፈቱት። ዶሮ በጨለማ አጥርታ ስለማታይ፣ ከጨለመ በኋላ ቄቦቹን በእጅዎ አንስተው ቆጡ ላይ ቢያስቀምጧቸው የሚያባርራቸው አይኖርም። ይህንን ለተወሰኑ ምሽቶች ሳይሰለቹ ይደጋግሙት።

መልስ 2፦
ከዚያ በፊት የደማችውን ቄብ ዛሬውኑ ይለዩ። ዶሮዎች ደም ያዩበትን ቦታ መንቆር አይተዉም፤ ትንሽ ቁስል ሕይወቷን ሊያሳጣት ይችላል። ነገር ግን ከመንጋው ፈጽሞ አያርቋት፤ በሽቦ ወንፊት ለይተው እዚያው እየተያዩ ትቆይ፤ ርቃ ከቆየች ስትመለስ እንደ ባዕድ ትቆጠራለች። መኖና ውኃም በሁለት ቦታ ቢሆን ደካሞቹ ሳይሸማቀቁ ይበላሉ።

መልስ 3፦
ነባሮቹም ቆጡን መሸሽ ከጀመሩ፣ ማታ በባትሪ የእንጨቱን ስንጥቅና መጋጠሚያ ይመርምሩ። ቀን እዚያ ተደብቀው ሌሊት ደም የሚመጥጡ ጥቃቅን ቀያይ ተባዮች አሉ። ነጭ ጨርቅ በእንጨቱ ስር ሲያሹበት ቀይ ነጠብጣብ ከወጣ ምክንያቱ እነርሱ ናቸው።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በጨርቁ አሽቼ ምንም አላገኘሁም። ሁለተኛውን እንጨት ከገጠምኩ ዛሬ 6ኛ ቀኑ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን 3 ምሽቶች ቄቦቹን እያነሳሁ አወጣኋቸው፣ ትናንት ግን ሦስቱ በራሳቸው ወጡ። ቀይዋ አሁንም መሃሉን እንደያዘች ናት፤ ቄቦቹ ዳር ዳሩን ይዘው ሲቀመጡ አንገቷን ቀና አድርጋ አየቻቸውና ዝም አለች። የቆሰለችው ገና በወንፊቱ ውስጥ ናት፤ ቆዳዋ ደርቆ ላባ ማውጣት ሲጀምር እቀላቅላታለሁ።