ማስተርስ ከዲግሪ በምን ይለያል? ከድሬ ሐረማያ ልጀምር ነው

ጥያቄ (ከሳቢያን)
ሰላም ለሁላችሁ። አቦ እስቲ ምከሩኝ። በኢኮኖሚክስ ከተመረቅኩ አራት ዓመት ሆነኝ። የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን አልፌ ሐረማያ ማስተርስ ልጀምር ነው። ዲግሪ እያለሁ ሀንድአውት ሸምድጄ፣ ፈተና ሲደርስ ሌሊቱን ቸክዬ ነበር የማልፈው። አሁንም በዚያው ይሄዳል? ሥራዬን ሳልለቅ መማርስ ይቻላል?

መልስ (ከሐረር)
እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ። በዚያው አይሄድም። ዲግሪ ላይ ለመመረቅ አማካይ ውጤት 2.00 ይበቃ ነበር፤ እዚህ 3.00 ነው። ግን እኔን የከበደኝ ግሬዱ አልነበረም። ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ነበርን፣ ከኋላ መደበቅ የለም። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጥናት አንብቤ እንዳቀርብ ተሰጠኝ። አሳጥሬ፣ አሳምሬ አቀረብኩ። መምህሩ እስከ መጨረሻው ሰማኝና "ጸሐፊው ያለውን ሰማን። አንቺ የቱ ጋ አልተስማማሽም?" አለኝ። ዝም አልኩ። ዲግሪዬን ይዤ እስክወጣ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የማነበው ወረቀት ሁሉ ጠርዝ ላይ "ይህን በምን አወቀ?" ብዬ እጽፋለሁ።

መልስ (ከከዚራ)
ስለ ሥራው እኔ ልንገርህ። የቅዳሜና እሁድ ፕሮግራም ከሆነ ይቻላል። መደበኛው ከሆነ ግን ከአለቃህ ጋር አሁኑኑ ተነጋገር። በየቀኑ የደንገጎን ተራራ ወጥቶ መውረድ ጉልበት ይበላል። ታክሲ ውስጥ አነባለሁ እንዳትል፣ ጠመዝማዛው ያጥወለውላል።

መልስ (ከመጋላ)
የመጀመሪያው ዓመት ኮርስ ስለሆነ ያልፋል። ሰው የሚቀረው ቴሲስ (የመመረቂያ ጥናቱ) ላይ ነው። እኔ የሠራሁት በቤተሰብ ቁጠባ ላይ ነበር። መጠይቁን በአማርኛ ብቻ አዘጋጅቼ የድሬ ገጠር ቀበሌ ወጣሁ። ሰዉ የሚያወራው ኦሮምኛና ሶማሊኛ ነው። አብሮኝ የወጣው ልጅ እዚያው በአፉ እየተረጎመ ጠየቀልኝ። ማታ ወረቀቶቹን ሳገላብጥ፣ "ይቆጥባሉ?" ለሚለው አንዱ ያለውን ብር፣ ሌላው ፍየሎቹን ቆጥሮ መልሷል። 38 ወረቀት ጣልኩ፤ ሁለት ወርም አብሮ ሄደ። አንተ መጠይቁን አስቀድመህ በጽሑፍ አስተርጉም። ከዚያ ሌላ ሰው ወደ አማርኛ ይመልስልህና ከመጀመሪያው ጋር አስተያየው። በአሥር ሰው ላይም ሞክረው። ዲግሪ ላይ ጥያቄውን መምህሩ ነበር የሚያወጣልህ፤ አሁን ጥያቄው ካልሠራ ባለቤቱ አንተ ነህ።

ጠያቂው
በጣም አመሰግናለሁ። ታዲያ ርዕስ መቼ ልምረጥ?

መልስ (ከሐረር)
ዛሬ ማሰብ ጀምር። የሚሰጡህን ተርም ፔፐሮች ሁሉ፣ ኮርሱ እስከፈቀደ ድረስ፣ በዚያው ጉዳይ ዙሪያ ጻፋቸው። ቴሲስ ጋ ስትደርስ ግማሹን ንባብ ጨርሰሃል። ያነበብከውን ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ዞቴሮ በሚባለው የማጣቀሻ ማደራጃ ሶፍትዌር ላይ አስቀምጥ። አድቫይዘር (የቴሲስ አማካሪ መምህር) ስትመርጥ በዝናው ብቻ አትሂድ። ተማሪዎቹን ፈልግና "ረቂቅ ስትሰጡት በስንት ቀን ይመልሳል?" ብለህ ጠይቃቸው።