በጉንፋን ምክንያት የልጃችን ቀዶ ሕክምና መራዘሙ ተገቢ ነውን?

ጠያቂ፦
ሁለት ዓመት ከአራት ወር የሆነው ልጃችን ለብሽሽት ሄርኒያ (አንጀት በብሽሽት በኩል ወጥቶ ለሚፈጥረው እብጠት) ቀዶ ሕክምና ተቀጥሮ፣ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ውኃ እንኳ ሳይቀምስ ካደረ በኋላ፣ የማደንዘዣ ሐኪሟ ደረቱን አዳምጠውና ንፍጡን አይተው ለአራት ሳምንት አራዘሙት። የሚቀደደው ብሽሽቱ፣ ጉንፋኑ ያለው አፍንጫው ላይ፤ ምን አገናኛቸው? ማደንዘዣ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል የሚባለውስ እውነት ነው?

መልስ 1 (የማደንዘዣ ባለሙያ)፦
ብስጭትዎ ይገባኛል፤ ሆኖም እኔም ብሆን አራዝመው ነበር። ጉንፋን የያዘው ሕፃን የመተንፈሻ ቧንቧው ስለሚቆጣ፣ ሲደነዝዝም ሆነ ሲነቃ ጠብታ ምራቅ እንኳ ብትነካቸው የድምፅ አውታሮቹ በድንገት ተኮማትረው ሊዘጉ ይችላሉ፤ ይህን ላሪንጎስፓዝም እንለዋለን። ደረቱ ይታገላል፣ አንገቱ ሥር ያለው ጎድጓዳ ቦታ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ የትንፋሽ ድምፅ ግን አይሰማም። ሕፃን ከክብደቱ አንጻር ከአዋቂ እጥፍ ገደማ ኦክስጅን ስለሚጠቀምና በሳንባው የሚቀረው መጠባበቂያ አነስተኛ ስለሆነ፣ የደሙ ኦክስጅን በፍጥነት ይወርዳል። አብዛኛውን ጊዜ በጭንብል ኦክስጅን በግፊት በመስጠትና ማደንዘዣውን በማጥለቅ ይፈታል፤ አልፎ አልፎ ግን ልጁ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብቶ በመተንፈሻ መሣሪያ እስከ መታገዝ ይደርሳል። ንፍጡ ቀጭንና ንጹሕ ሆኖ ሳልና ትኩሳት ባይኖር ምናልባት ልንቀጥል እንችል ነበር። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፦ የብሽሽቱ እብጠት ጠንክሮ ወደ ውስጥ አልመለስ ካለ ወይም ልጁ ካስመለሰው፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት፤ ያን ጊዜ ጉንፋን ቢኖርም ይሠራለታል።

መልስ 2 (የሕፃናት ሐኪም)፦
የአእምሮው ስጋት የመጣው በዋናነት በእንስሳት ላይ ከተደረጉ ጥናቶች ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2016 ያስጠነቀቀው ከ3 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ከ3 ሰዓት በላይ ስለሚቆይ ወይም ስለሚደጋገም ማደንዘዣ ነው። በ2019 በታተመ ጥናት ደግሞ በጨቅላነታቸው ለአንድ ሰዓት ያህል ሙሉ ማደንዘዣ የወሰዱ ልጆች 5 ዓመት ሲሞላቸው፣ ነቅተው ከወገብ በታች ብቻ ከደነዘዙት ጋር ሲነጻጸሩ የአእምሮ ብቃት ልዩነት አላሳዩም። የእርስዎ ልጅ ቀዶ ሕክምና አጭር ነው። ውኃን በተመለከተ ግን እንዲያ መጠማት አልነበረበትም፤ ምግብ ከማደንዘዣው 6 ሰዓት ቀድሞ ይቁም እንጂ ንጹሕ ውኃ ማደንዘዣው ሊሰጥ 2 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ይፈቀዳል፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ አስቀድመው ይጠይቁ።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ሌሊቱን ሲያስለው እንዳደረ ቀጠሮው እንዳይሰረዝብን ፈርቼ ለሐኪሟ አልነገርኳቸውም ነበር፤ ዛሬ ደውዬ እነግራቸዋለሁ።