የቴስታታ አየር መግቢያ አሞራረድ፦ በመታጠፊያው ላይ ምክር እሻለሁ

የተከበራችሁ የሙያው ባለቤቶች፣ ከአሮጌ ሞተር በወጣ ባለ አራት ሲሊንደር የአሉሚኒየም ቴስታታ (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚዘጋው የሞተር ክፍል) ላይ የአየር መግቢያ ቀዳዳዎችን መሞረድ በቤቴ እየተለማመድኩ ነው። ከቫልቭ መቀመጫው በታች ያለውን እርከን አስወግጄ ጉሮሮውን (ከመቀመጫው ስር ያለውን ጠባብ ክፍል) ከቫልቩ ዲያሜትር ከ85 እስከ 90 በመቶ ባለው ልክ ውስጥ ማድረስ ብችልም፣ አየሩ ወደ ሲሊንደሩ የሚታጠፍበትን አጭሩን ጎን እንዴት እንደምይዘው ግራ ገብቶኛል፤ ከልክ በላይ ከተሞረደ አየሩ ግድግዳውን ስለሚለቅ፣ ከጀርባውም የውሃ መተላለፊያ ስላለ፣ ሞረዱን ባስጠጋሁ ቁጥር እጄ ይፈራል። (ሞረዱ በአሉሚኒየም እንዳይደፈን ሻማ መቀባት ግን በእጅጉ ይረዳል።) የአየር ፍሰት መለኪያ በሌለበት የአራቱን መታጠፊያዎች ቅርጽ አንድ ዓይነት ማድረግና የቀረውን የግድግዳ ውፍረት ማወቅ የሚቻለው በምን ዘዴ ነው? ለቅርጹስ ከካርቶን የተቆረጠ ልክ ይበቃል ወይስ በሲሊኮን ቅጂ ማውጣት ይሻላል?