ፌጁ አንድ ቀን ይሠራል፣ አንድ ቀን እምቢ ይላል፤ ካልሲየም ጎድሎት ይሆን?

ጥያቄ (የማስተርስ ተማሪ፣ ደብረ ማርቆስ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለመመረቂያዬ ኢ. ኮላይን የሚያጠቁ ቫይረሶችን፣ ማለትም ፌጆችን፣ ከፍሳሽ ውሃ እየለየሁ ነው። ያው አንዱ ናሙና አንዳንዴ ጥርት ያለ ፕላክ (ፌጁ ባክቴሪያውን ገድሎ የሚተወው ክፍት ቦታ) ያወጣል፤ ሌላ ጊዜ ሳህኑ ባክቴሪያ ብቻ ሆኖ ያድራል። ናሙናውን የማቀጥነው በፎስፌት በፈር (የአሲድነት መጠኑ ቶሎ በማይለዋወጥ ፈሳሽ) ነው። ካልሲየም ክሎራይዱን ከብሮዙ (ከባክቴሪያ ማሳደጊያው ፈሳሽ) ጋር አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ጀርም የሚገድል መሣሪያ) ውስጥ ሳስገባው ነጭ ዝቃጭ ይዞ ይወጣል። ምን ትመክሩኛላችሁ? የተጣራ ውሃ ሲያልቅብን የቧንቧ ውሃ ብንጠቀምስ?

መልስ (የላብ ቴክኒሻን፣ ባሕር ዳር)፦
እህቴ፣ ችግሩ ያ ነጭ ነገር ይመስለኛል። ካልሲየም ከፎስፌት ጋር ሲሞቅ ይዘቅጣል፤ ፌጁ ጋ የሚደርሰው ትንሽ ነው። የካልሲየም ክሎራይዱን 1 ሞላር (የክምችት መለኪያ ነው) ሙሙት ለብቻው አዘጋጂ፦ ባለ ሁለት ውሃው ካልሲየም ክሎራይድ ከሆነ 14.7 ግራም፣ እስከ 100 ሚሊ ሊትር ሙይው። ለብቻው አውቶክሌቭ አድርጊና ብሮዙ ከቀዘቀዘ በኋላ በ100 ሚሊ ሊትር 0.5 ሚሊ ሊትር ጨምሪ። 5 ሚሊሞላር ይሆንልሻል። ማቅጠኛውንም ቀይሪው፤ ፎስፌት የሌለበት፣ 8 ሚሊሞላር ማግኒዥየም ሰልፌት ያለው የትሪስ በፈር ይሻላል።

መልስ (መምህር፣ ቡሬ)፦
ለምን እንደሚያስፈልግ ልጨምር። የፌጁም የባክቴሪያውም ገጽ በአብዛኛው ኔጋቲቭ ቻርጅ ስላለው ይገፋፋል። ካልሲየምና ማግኒዥየም መሐል ገብተው ያቀራርቧቸዋል። ግን ሁሉም ፌጅ አንድ አይደለም። ፒ1 የሚባለው ፌጅ ያለ ካልሲየም ባክቴሪያው ላይ አይጣበቅም። ቲ5 የሚባለው ዲኤንኤውን ወደ ባክቴሪያው ለማስገባት ካልሲየም ይፈልጋል። ላምዳ የሚባለው ደግሞ ማግኒዥየም ይወዳል፤ ማግኒዥየም ሲታጣ ራሱ ቅንጣቱም ይፈርሳል። ስለዚህ በግምት አትሂጂ። ያንኑ ናሙና አራት ሳህን ላይ አድርጊው፦ ምንም የሌለበት፣ ካልሲየም ብቻ፣ ማግኒዥየም ብቻ፣ ሁለቱም ያሉበት። አምስተኛ ሳህን ላይ ካልሲየምና ሶዲየም ሲትሬት ጨምሪበት። ሲትሬት ካልሲየሙን ይይዘዋል፤ ፕላኩ እዚያ ከጠፋ ካልሲየም እንደሚያስፈልግ ጥሩ ፍንጭ ነው።

መልስ (የምርምር ረዳት፣ ባሕር ዳር)፦
የቧንቧ ውሃውን ተዪው። ክሎሪን ፌጅ ይገድላል፤ የካልሲየሙም መጠን ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ከመዳብ ቧንቧ የሚመጣ መዳብም ፌጅን ያዳክማል። ውጤትሽ ወጥ የማይሆነው ከእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው። ደግሞ ካልሲየም በበዛ ቁጥር ይሻላል ብለሽ አትጨምሪ፤ ከ1 እስከ 10 ሚሊሞላር ይበቃል።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! አምስቱን ሳህኖች እሠራለሁ። ካልሲየሙ ለስላሳው አጋር (ፌጁና ባክቴሪያው ተቀላቅለውበት ሳህኑ ላይ የሚፈሰው ጄል) ውስጥም ይገባል?

መልስ (የላብ ቴክኒሻን፣ ባሕር ዳር)፦
አዎ፣ ይገባል። አጋሩ ወደ 45 ዲግሪ ሲወርድ፣ ባክቴሪያውን ከማስገባትሽ በፊት ጨምሪው። ፌጁንና ባክቴሪያውንም ቀድመሽ፣ ካልሲየም ባለበት ብሮዝ ውስጥ፣ 10 ደቂቃ ያህል አብረሽ አቆዪያቸው።