«ሻል» ከሕጎቻችን የእንግሊዝኛ ቅጂ ይውጣ ወይስ ይቆይ?

የሕግ ተርጓሚ፣ አዲስ አበባ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ከአማርኛው ጎን የሚታተመው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ «ሻል» (shall) የሚለውን ቃል መጠቀም ማቆም አለበት ባይ ነኝ። ቃሉ አንድ፣ ሥራው ግን ብዙ ነው። አንዴ ግዴታ ይጥላል፣ አንዴ መብት ይሰጣል፣ አንዴ ስለ ወደፊት ይናገራል፣ አንዴ ደግሞ ማንንም ሳያዝ ያውጃል። የሕገ መንግሥታችንን አንቀጽ 5 ተመልከቱ። አማርኛ የፌዴራሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋ «ይሆናል» በተባለበት ቦታ እንግሊዝኛው «ሻል» ይላል። ይህ አዋጅ ነው፤ ሕጉ እንደ ወጣ ነገሩ ያልቃል። ከሱ በላይ ባለው ንዑስ አንቀጽ ደግሞ ሁሉም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በእኩልነት የመንግሥት እውቅና እንደሚኖራቸው ተደንግጓል፤ እንግሊዝኛው አሁንም «ሻል» ነው። ይህኛውስ አዋጅ ብቻ ነው ወይስ አንድ መሥሪያ ቤት ተነሥቶ አንድ ነገር እንዲሠራ ያዛል? ቃሉን አገላብጣችሁ ብታዩት መልሱን አታገኙም።

ደቡብ አፍሪካ ይህን አስባበት በ1996 እ.ኤ.አ. ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት «ሻል»ን ትታ «መስት»ን (must፣ «አለበት») መርጣለች። የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤቶችም የሥነ ሥርዓት ደንቦቻቸውን በየተራ እንደገና ሲጽፉ ቃሉን አወጡት። ለግዴታ «መስት»፣ ለፈቃድ «ሜይ» (may፣ «ይችላል»)፣ ለአዋጅ ደግሞ «ኢዝ» (is፣ «ነው») ብንል ምን ይጎድለናል?

ጠበቃ፣ ሐዋሳ፦
የአሜሪካንን ታሪክ ከጀመሩት አይቀር እስከ መጨረሻው ይንገሩን እንጂ። የፍትሐ ብሔር ደንባቸው 56ኛ ቁጥር ተከራካሪዎቹ በመሠረታዊ ፍሬ ነገር ካልተለያዩ ዳኛው ያለ ሙሉ ሙግት ፍርድ ስለሚሰጥበት ሁኔታ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. «ሻል»ን አውጥተው «ሹድ»ን (should፣ «ይገባዋል») ተኩ። ይህ ለዳኛው ልቅ ሥልጣን ይሰጣል የሚል ክርክር ተነሣና በ2010 «ሻል»ን እዚያው ቦታ መለሱት። የቋንቋ ማስተካከያ ብቻ ነው የተባለው ነገር የሕጉን ትርጉም ሊነካ ደረሰ ማለት ነው። ካናዳ ደግሞ ቃሉን አልጣለችም፤ በሕግ አተረጓጎም አዋጇ «ሻል አስገዳጅ ነው፣ ሜይ ፈቃጅ ነው» ብላ ወሰነችና ተገላገለች። ለኛም አንዲት አንቀጽ ትበቃናለች። የነባር ሕጎቻችን የእንግሊዝኛ ቅጂ በ«ሻል» የተሞላ ነው። አዲሶቹ «መስት» ማለት ከጀመሩ ነገ አንድ ተከራካሪ «የድሮው ግዴታ ቢሆን ኖሮ መስት ይል ነበር» ብሎ ይቆማል፤ ምን ብለን እንመልስለታለን?

የሕግ ተማሪ፣ ባሕር ዳር፦
ይቅርታ ላቋርጣችሁና፣ በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት አማርኛውና እንግሊዝኛው ከተለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 106 ስለ ራሱ እንዲሁ ይላል። ታዲያ የእንግሊዝኛው ቃል ይህን ያህል ለምን ያከራክረናል?

የታሪክ መምህር፣ ጎንደር፦
ልጄ፣ «የኛው ቅጂ ይበቃናል» የሚለው ሐሳብ አገር ምን እንዳስከፈለ አንተም በትምህርት ቤት ተምረኸዋል። የ1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ምኒልክ ከሌሎች የአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። የጣልያንኛው ግን እንደ ግዴታ ተወሰደ፤ ሮምም በሱ ላይ ተመሥርታ ኢትዮጵያ ጥገኛዬ ናት ብላ ለዓለም አስታወቀች። ነገሩ ያበቃው ዓድዋ ላይ ነው። ፈቃድና ግዴታ ሲምታቱ ጉዳቱ የሚደርሰው ሌላውን ቅጂ ማንበብ በማይችለው ላይ ነው። ዛሬ የእንግሊዝኛውን ብቻ የሚያነብ ባለሀብት አለ፣ የውጭ ዳኛ አለ፣ በውጭ አገር ተወልዶ አማርኛ የማያነብ ልጃችን አለ።

ነዋሪ፣ ቨርጂኒያ፦
ሁላችሁም ስለ ቃሉ ስትከራከሩ ከቃሉ በኋላ ስለሚመጣው ነገር ማንም አላነሣም። እዚህ አገር የሕግ ነገር የሚከታተል ሰው የሚያውቀው አንድ መዝገብ አለ። በ1999 እ.ኤ.አ. ኮሎራዶ ውስጥ ካስል ሮክ በምትባል ከተማ አንዲት እናት ባሏ እንዳይቀርባት የፍርድ ቤት እገዳ ነበራት። የክፍለ ግዛቱ ሕግ ፖሊስ እንዲህ ያለውን እገዳ ለማስከበር ተገቢውን ዘዴ ሁሉ «ሻል» ይጠቀማል፣ እገዳውን የጣሰውንም «ሻል» ያስራል ይላል። አባትየው ሦስት ሴቶች ልጆቿን ከደጅ ወሰዳቸው። እናት ፖሊስ ጋ ደወለች፣ ደጋግማ ደወለች፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላም ራሷ ጣቢያው ድረስ ሄደች። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ሰውየው ራሱ ጣቢያው ደጃፍ መጥቶ ተኩስ ከፈተ፤ ተገደለ። ሦስቱ ሕፃናት በመኪናው ውስጥ ሞተው ተገኙ።

ከተማዋን ከሰሰች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2005 ሰባት ለሁለት ወሰነባት። ሕጉ «ሻል» ቢልም ፖሊስ መቼ እንደሚያስር የመወሰን የቆየ ሥልጣን አለው፣ አንቺም እገዳው እንዲፈጸምልሽ በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀ መብት የለሽም አላት። ያ ቃል «መስት» ቢሆን ኖሮ ይፈረድላት ነበር የሚል ካለ ያስረዳኝ፤ እኔ አይመስለኝም። ግዴታውን ያልፈጸመ ሹም ምን እንደሚደርስበት፣ የተጎዳው ሰው ማን ዘንድ ሄዶ እንደሚጠይቅ ሕጉ ራሱ ካልተናገረ የትኛውም ቃል አያድንም።

የሕግ ተርጓሚ፣ አዲስ አበባ፦
እህቴ፣ ያነሡት ከባድ ነገር ነው። እኔም የምሸሸው አይደለም፤ እንዲያውም ክርክሬን የሚደግፍ ይመስለኛል። ፍርድ ቤቱ ሊንሸራተት የቻለው እኮ ቃሉ መውጫ ስለ ሰጠው ነው። በሥራዬ ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረኝ ደግሞ አማርኛው ራሱ ነው። «ፈቃዱ በ10 ቀናት ውስጥ ይሰጣል» የሚል ዓረፍተ ነገር ይመጣልኛል። ሰጪው ማን ነው? የለም። ወደ እንግሊዝኛ ስመልሰው «ሻል ቢ» ብዬ ድርጊቱን ያለ ባለቤት አስቀምጠዋለሁ፤ ሁለቱም ቅጂዎች ሹሙን ደበቁት ማለት ነው። «መስት» ለማለት ግን «ማን?» ብዬ ረቂቁን ያዘጋጀውን ክፍል መጠየቅ ግድ ይለኛል። ያኔ አማርኛውም «ባለሥልጣኑ በ10 ቀናት ውስጥ ፈቃዱን መስጠት አለበት» ወደሚል ይስተካከላል። ስለዚህ የእንግሊዝኛው ቃል መለወጥ የሚጠቅመው መጀመሪያ ለአማርኛው ነው።

ጠበቃ፣ ሐዋሳ፦
«ማን?» ብሎ መጠየቁ ላይ ከእርስዎ ጋር ነኝ፤ ለዚያ ግን «ሻል»ን ማባረር አያስፈልግም፣ «ባለሥልጣኑ ሻል» ማለት ይቻላል። የእህታችን ጥያቄ ደግሞ አሁንም አልተመለሰም። 10ኛው ቀን አለፈ። ደንበኛዬ በ11ኛው ቀን ጠዋት መስኮቱ ፊት ቆሟል፤ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባለ። ያ ሰው እጁ ላይ ምን አለው?

ነዋሪ፣ ቨርጂኒያ፦
ሕጉ «በ10 ቀናት ውስጥ መልስ ካልተሰጠ ፈቃዱ እንደ ተሰጠ ይቆጠራል» ይበል።

የሕግ ተማሪ፣ ባሕር ዳር፦
ለሱቅ ፈቃድ እሺ። ለመድኃኒት ቤትስ? ለነዳጅ ማደያስ? ማንም ሳያየው ያለፈ ማመልከቻ በዝምታ ይጸድቃል ማለት ነው?

የሕግ ተርጓሚ፣ አዲስ አበባ፦
ለነዚያ «እንደ ተከለከለ ይቆጠራል» ተብሎ በማግስቱ ይግባኝ የሚከፈትበትን መንገድ መጻፍ ይቻላል። ቢያንስ ሰውየው መስኮቱን ትቶ ወደ ፍርድ ቤት የሚሄድበት ቀን ይታወቃል።

ጠበቃ፣ ሐዋሳ፦
በዚህ እስማማለሁ። በ«ሻል» ላይ ግን አቋሜ ያው ነው፤ የካናዳ ዓይነት አንቀጽ ረቂቅ አዘጋጅቼ እዚሁ አቀርባለሁ፣ እርስዎም የ«መስት»ዎን ይዘው ይምጡ።