ከአንድ ዘር የተነሡ ባክቴሪያዎች የሚውታንት (ዲኤንኤው የተለወጠ ሴል) ቁጥራቸው ለምን ተራራቀ?

የባሕርዳር_መምህር፦ ጤና ይስጥልኝ። ለተማሪዎች በኢ. ኮላይ (የአንጀት ባክቴሪያ) የሚውቴሽን (የዲኤንኤ ለውጥ) ሙከራ እያዘጋጀን ነው። ከአንድ ዘር በየቱቦው ለየብቻ አሳድገን ሪፋምፒሲን የተባለ ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ባለበት አጋር (ባክቴሪያ የሚያድግበት የረጋ ምግብ) ላይ ብንዘራ፣ ከአንዱ ቱቦ 3 ኮሎኒ (ከአንድ ሴል የበዛ ክምችት)፣ ከሌላው ከ100 በላይ ወጣ። የአሠራር ስሕተት ይሆን? ሚውቴሽኑንስ ያመጣው መድኃኒቱ ነው?

ዘጌ_ባዮ፦ መምህር፣ ውጤቱን እንዳይጥሉት! ዋናው ትምህርት መራራቁ ውስጥ ነው። ለውጡን መድኃኒቱ ቢያመጣው ኖሮ የሁሉም ቱቦ ቁጥር በተቀራረበ ነበር። ሚውቴሽኑ ግን የተፈጠረው ሴሉ እየተከፈለ ዲኤንኤውን ሲገለብጥ፣ መድኃኒቱን ሳያይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ክፍፍሎች ላይ ከተፈጠረ ልጅ የልጅ ልጁ ቱቦውን ይሞላል፤ መጨረሻ ላይ ከሆነ አንድ ሁለት ብቻ ይገኛል። ሳይንቲስቶቹ ሉሪያና ዴልብሩክ በ1943 እ.ኤ.አ. በፋጅ (ባክቴሪያን በሚያጠቃ ቫይረስ) ያሳዩት ይህንኑ ነው።

የኢ. ኮላይ ዲኤንኤ 4.6 ሚሊዮን ያህል ጥንድ ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) አለው፤ አዲስ ሚውቴሽን የሚገኘው በሺህ ክፍፍል አንዴ ወይም ጥቂት ጊዜ ነው። ነገር ግን አድሮ ባደገ 1 ሚሊ ሊትር ውስጥ ከ1 ቢሊዮን በላይ ሴል አለ። ከእነዚህ አንዱ በአር-ፒ-ኦ-ቢ ጂን (መድኃኒቱ የሚይዘው ኤንዛይም መመሪያ) ላይ አንዲት ቤዝ፣ ለምሳሌ ሲ በቲ፣ ከተለወጠችበት ሪፋምፒሲን የሚይዘው ቦታ ቅርጹ ይቀየራል፤ መድኃኒቱ አይዘውም።

ማመሳከሪያ አይርሱ፦ ከአንዱ ቱቦ ብቻ ወስደው ብዙ ፕሌት (የአጋር ሳህን) ላይ ይዝሩ። እዚህም ቁጥሩ ከተራራቀ ችግሩ ፒፔቱ (ፈሳሽ መለኪያው) ወይም አዘራሩ ነው።

ማይክሮ_ላብ፦ ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው መነሻው ነው። በሚሊ ሊትር 1,000 ሴል ያህል እስኪሆን አቅጥነው ይጀምሩ፤ ከበዛ ቀድሞ የነበረ ሚውታንት አብሮ ይገባል። ሪፋምፒሲኑን ውሃ በደንብ ስለማያሟሟው በዲኤምኤስኦ (ማሟሚያ ፈሳሽ) ያሟሙት፤ አጋሩ ወደ 50 ዲግሪ ሲበርድ በሚሊ ሊትር 100 ማይክሮግራም ይጨምሩ። ፕሌቱን ከብርሃን ይከልሉ።

አውቶክሌቩንም (በእንፋሎት ግፊት ማምከኛውን) ይዩት። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ ጌጁ 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ሲል ውስጡ 118 ዲግሪ አካባቢ ነው። 121 ለመድረስ ወደ 18 ያስፈልጋል። ዕቃው ያን የማይችል ከሆነ ግፊቱን አይንኩ፣ 15 ደቂቃውን 30 ያድርጉት።

የባሕርዳር_መምህር፦ እግዜር ይስጥልኝ። ጠቅላላውን ሴል እንዴት ልቁጠር?

ማይክሮ_ላብ፦ ሚሊዮን ጊዜ አቅጥነው 0.1 ሚሊ ሊትሩን መድኃኒት በሌለው አጋር ላይ ይዝሩ፤ ከ100 እስከ 300 ኮሎኒ ይጠብቁ። አንድ አደራ፦ ያገለገለው ፕሌት ሁሉ አውቶክሌቭ ሳይደረግ እንዳይወጣ። ሪፋምፒሲን የቲቢ መድኃኒት ነው፤ የተላመደ ዘር በፍሳሽ ወደ ጣና መግባት የለበትም።